ርካሹ ሪሲቨር ያስወጣኝ

ጅማ ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ «ሪሲቨር አለ?» ካላችሁ የሚቀርብላችሁ የዲሽ ነው። እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ ልጅ ሦስት ዓይነት ደርድሮልኝ «ጋሼ፣ ይሄኛው ዋይፋይም ይቀበላል» ብሎኛል። እኔ የፈለግኩት የቴሌቪዥኑንም የዲሹንም የስልኩንም ድምፅ ተቀብሎ ለአምስት ስፒከርና ወፍራሙን ድምፅ ለሚያወጣው ለአንድ ሰብዉፈር የሚያከፋፍለውን፣ «አምስት ነጥብ አንድ» የሚሉትን ትልቁን ሣጥን ነበር። «አምፕሊፋየር» ስል ደግሞ ሰርግ ላይ ሞንታርቦ የሚነዳውን አወጡልኝ። በመጨረሻ ፎቶውን በስልኬ ይዤ መዞር ጀመርኩ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፣ ግማሽ ቀን ይተርፋችኋል።

ያን ጊዜ አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ቁጭ አድርጎ ቢመክረኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ብዙ መካሪ ነበረኝ፣ ሁሉም ግን ስለ ዋት ነው የሚያወራው።

ስለ ዋት እንግዲህ ቶሎ ልገላግላችሁ። ፈረንጅ አራዳ አንድ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ላይ 3000 ዋት የተጻፈበት ሆም ቴአትር አሳዩኝ። ገልብጬ ከገመዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አነበብኩ፤ 60 ዋት ትላለች። «ከሶኬቱ 60 ወስዶ 3000 የሚያወጣ ዕቃ ካለ ግልገል ጊቤን ለምን ገነባን?» አልኩት። ባለሱቁ ሳቀ፣ አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ያቺን ደረት መንፋት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

በደንብ የሚሠሩት ኩባንያዎችም ቢሆኑ ትልቁን ቁጥር ነው ፊት ለፊት የሚያስቀምጡት። የሶኒው ኤስቲአር ዲኤች 590 በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ ስፒከር መውጫ፣ 145 ዋት ይባላል። መመሪያው ውስጥ ግን ሁለት ቻናል አብረው፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ሲለካ 90 ነው። አንዱም ውሸት አይደለም። 145ቱ በአንድ የሙከራ ድምፅ ብቻ፣ የድምፁ መበላሸትም እስከ 0.9 በመቶ እንዲደርስ ተፈቅዶለት የተለካ ነው። ዋት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሯችሁ «ትንሽ ከፍ አለ» ከማለት አያልፍም። ለእኔ አራት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል ሳሎን ሃቀኛ 70 ዋት ግቢውን አልፎ አከራያችንን ከእንቅልፋቸው ይቀሰቅሳል።

የጅማ ሱቆች አልሆኑልኝም። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ልትመጣ ስትል «ምን ላምጣልህ?» ብላ ደወለች። «ያገለገለ ሪሲቨር፣ አምስት ነጥብ አንድ የሚል፣ ከባድ ከሆነ ይሻላል» አልኳት። «ከባድ ከሆነ ይሻላል የሚል ሰው የሻንጣ ኪሎ ከፍሎ አያውቅም» አለችኝ፤ ግን በ60 ዶላር ገዝታ ይዛልኝ መጣች። ቦሌ አለፈ፣ አውቶቡስ ላይ ተጫነ፣ ጅማ ገባ።

አሁን ወደ ነገሩ። ከኋላው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 240 ዋት ተጽፏል። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ትራንስፎርመር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ስለዚህ ቀጥታ ሶኬት ላይ አልሰካሁትም። ያላወቀ ሰው ቢሆን ምናልባት ፈርቶ ባለሙያ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን አወቅኩ ባይ ነኝና ማንንም አልጠየቅኩም።

አጂፕ አካባቢ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ኮንቨርተር አገኘሁ። ላዩ ላይ 2000 ዋት ይላል። ዕቃዬ የሚፈልገው 240 ነው፤ ስምንት እጥፍ ትርፍ አለኝ ብዬ አሰላሁ። ዋጋው 1,500 ብር፣ ክብደቱ የአንድ ሲኒ ረከቦት ያህል እንኳ አይሆንም። እዚህ ላይ ነበር መባነን የነበረብኝ። 2000 ዋት የሚችል እውነተኛ ትራንስፎርመር ብረትና መዳብ ነው፣ በአንድ እጅ አይነሳም። ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ የሰውን ካርቶን ሳርም የኖርኩት ሰውዬ ይኼኛውን መዝኜ እንኳ አላየሁም። ከታች በደቃቅ ፊደል የፀጉር ማድረቂያና ካውያ ለመሳሰሉት የሚያሞቁ ዕቃዎች ብቻ እንደሆነ ተጽፎበት ነበር። ያነበብኩት ሪሲቨሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጎረቤት ጠርቻለሁ፣ ባለቤቴ ቡና አፍልታለች፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ጠንቃቃ ነኝና በቴስተር ለካሁ፤ 118 ቮልት። «አያችሁ?» ብዬ ለሁሉም አሳየሁ። ሰካሁ፣ ቀይ መብራቷ በራች፣ ተጫንኩ፣ ውስጡ ጠቅ አለ፣ ድምፁ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ያ አራት ደቂቃ ቆንጆ ነበር። ከዚያ ኮንቨርተሩ እንደ ንብ ዝዝዝ ማለት ጀመረ። የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ከሪሲቨሩ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለና ሁሉም ጨለመበት። ትንሿ ልጄ ቀና ብላ «አባዬ፣ ፊልሙ አለቀ?» አለች።

ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ሌሊት ጣራ ጣራውን እያየሁ ነው። ያ ቀላል ኮንቨርተር ቮልቱን አያወርድም፣ ሞገዱን ቆራርጦ ከፊሉን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ለፀጉር ማድረቂያ ችግር የለውም፤ ሽቦው የሚያየው አጠቃላይ ሙቀቱን ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን ጫፉን ያያል። የ220 ቮልት ሞገድ ጫፉ 311 ነው፤ የ120ው ደግሞ 170። ከሞገዱ ቢቆረጥለትም ጫፉ ወደ 300 እንደተጠጋ ሪሲቨሬ ላይ ወረደበት። ቴስተሩስ? ርካሽ ቴስተር አማካዩን ለክቶ፣ ሞገዱ ሙሉ ነው ብሎ ገምቶ ነው ቁጥር የሚያወጣው። የተቆራረጠ ሲሰጡት ይቀባጥራል። 118 ብሎ የዋሸኝን ቴስተር ግን አልወቅስም፣ ይህንንም እኮ አስተምራለሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ዕቃው ይተርፍ ነበር ብዬ እስካሁን እብሰለሰላለሁ። ሰኞ ጠዋት ጥገና ቤት ወሰድኩት። ለቴክኒሻኑ «ይኼ 120 ነው፤ ቀጥታ እንዳትሰካው» አልኩት። «እሺ ቲቸር» አለ። ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ ደገምኩለት። «ኧረ እሺ ቲቸር፣ አይጨነቁ።» ወረቀት ላይ ጽፌ መለጠፍ እንደ ስድብ ይቆጠርብኛል ብዬ ተውኩት። ይሉኝታ!

በሁለተኛው ቀን ስመለስ ክዳኑ ተከፍቷል፣ ትልቁ ትራንስፎርመር ላይ ያለው ቫርኒሽ ቀልጦ እንደ ማር ወርዷል። ቴክኒሻኑ ፊውዙን ተቃጥሎ አገኘው፣ ልኩን ፊውዝ ስላጣ ከመብራት ገመድ ላይ አንድ የመዳብ ክር መዝዞ ድልድይ ሠራለትና 220ው ላይ ሰካው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሌላው እንዳይቃጠል ነው። ድልድይ ከሠራችሁለት የሚቃጠለው ሌላው ነው። «ቲቸር፣ ዕቃው ድሮም የሞተ ነበር» አለኝ። ከዚያ የምርመራ 600 ብር ጠየቀ።

ከፈልኩ። ለምን እንደከፈልኩ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። የተማሪዬ ወንድም ነው፣ ነገ መንገድ ላይ እንገናኛለን፣ ምን ልበላት?

ሁለተኛውን የገዛሁት አዲስ አበባ መርካቶ፣ ያገለገለ፣ ከገመዱ አጠገብ 220–240 ቮልት የሚል ነው። 14,000 ብር። ከባለሱቁ ጋር ሰላምታ እንኳ ሳልለዋወጥ ነው የገለበጥኩት። አሜሪካ ያለ ዘመድ በነፃ ቢልክላችሁ እንኳ 120 ብቻ የሚል ከሆነ እኔ አልቀበልም። እውነተኛ ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል የሚሉ አሉ፣ ትክክልም ናቸው። ግን አንድ ቀን እናንተ በሌላችሁበት አንድ ሰው ነቅሎ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። አንዳንድ የቆዩ ዕቃዎች ጀርባቸው ላይ ቮልት መቀየሪያ አላቸው፤ እሱ ከሆነ ውሰዱ።

ሌላው ያን ያህል አያደክምም። ሪሞቱ ከሌለ አትግዙ፣ የብዙዎቹ ሴቲንግ ያለ ሪሞት አይከፈትም። ሱቁ ውስጥ በስልካችሁ ሙዚቃ አጫውቱና የድምፅ መጨመሪያውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ቸርቸር ካለ አቧራ በልቶታል። የሙከራ ድምፁን ከሪሞቱ ከፍታችሁ አምስቱም ቻናል መስማት አለባችሁ፣ «ስፒከር የለንም» ካሉ ራሳችሁ አንድ ይዛችሁ ሂዱ። የድሮ ሆም ቴአትር ስፒከሮችን ልታገናኙ ካሰባችሁ ጀርባቸውን አንብቡ፤ ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው፣ ሪሲቨሩ ደግሞ 6 ወይም 8 ነው የሚጠብቀው፤ ኦሙ ሲያንስ ብዙ ከረንት ስለሚሳብ ሪሲቨሩ ይግላል።

ኤችዲኤምአይ የሌለው ሪሲቨር አይረባም ይባላል። አልስማማም። ቴሌቪዥናችሁ ኦፕቲካል መውጫ (ድምፁን በብርሃን ገመድ የሚያወጣ ቀዳዳ) ካለው የቆየ፣ ከባድ፣ ኤችዲኤምአይ የሌለው ሪሲቨር ዶልቢ ዲጂታል የሚባለውን የፊልም ድምፅ አምስት ነጥብ አንድ አድርጎ ይቀበለዋል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው። አምስት ስፒከርም በአንዴ አትግዙ። ከዲሽ የሚመጣው አብዛኛው ድምፅ ስቴሪዮ ነው፣ የእኔ ሶፋ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ስለሚቀመጥ የኋላ ስፒከር የማስቀምጥበት ኋላ የለኝም። ሁለት ጥሩ ስፒከር ገዝቼ በተራ የመብራት ገመድ አገናኘኋቸው። በሦስት ሜትር ርቀት ወርቅ የተቀባ ገመድ የሚሸጥላችሁ ሰው ኪሳችሁን ነው የሚሰማው።

ብፌው ላይ ሳስቀምጠው ባለቤቴ ዳንቴል ደረበችበት፣ በዳንቴሉ ላይ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ። አየር ማስወጫው ላዩ ላይ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ተከራከርን። አሁን ዳንቴሉ ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ነው። የኛ ዝናብ ሲያጉረመርም በሪሞት መዝጋት አይበቃም፣ ከግድግዳው እነቅለዋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመለስም አሥር ደቂቃ ሳልጠብቅ አልሰካውም።

የሞተውን ትራንስፎርመር ፈትቼ ክፍል ይዤ ገባሁ፤ ተማሪዎቹ እየተቀባበሉ አሸተቱት። ኮንቨርተሩን ግን ልጥለው ስል ከግቢያችን በር አጠገብ የውበት ሳሎን ያላት ልጅ ከሳዑዲ ያመጣችው የ110 ቮልት ፀጉር ማድረቂያ አለኝ ብላ ወሰደችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሯ ላይ ሳልፍ ድምፁ ይሰማኛል። ዓመት አለፈው፣ አንድ ቀን እንኳ አልተበላሸባትም።