ሰማንያና ቁርባን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ጥቅምት 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ትናንት ማታ የሜሪላንድ መራጮች ጥያቄ 6ን በ52 ከመቶ ገደማ ድምፅ አጸደቁት። አገረ ገዥው ማርቲን ኦማሊ በየካቲት ወር የፈረሙት፣ ተቃዋሚዎቹም ፊርማ አሰባስበው ለሕዝበ ውሳኔ ያቀረቡት ሕግ ጸና ማለት ነው። ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች በዚህ ግዛት የጋብቻ ፈቃድ ማውጣት ይችላሉ። እኔ ሕጉን ደግፌ ድምፄን ሰጥቻለሁ።

ወደዚህ አቋም ያደረሰኝ ክርክር አይደለም። ከሰባት ዓመት በፊት በምሠራበት ሆስፒታል አንዲት ሴት ራሷን ስታ ገባች፤ አሥራ ሁለት ዓመት አብራት የኖረችው ሴት ግን «የቤተሰብ አባል አይደለሽም» ተብላ፣ የታማሚዋ ወንድም ከሌላ ግዛት እስኪመጣ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አደረች። የዚያን ሌሊት ተረኛ ነርስ እኔ ነበርኩ፤ ደንቡ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ የግዛቱ ሕግ በሆስፒታል ጉዳይ ተሻሽሏል፤ የሴትዮዋ ፊት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በዚህ የምርጫ ሰሞን በየቡናው ላይ የሰማሁት ነገር አሳዝኖኛል። ወረቀት የሌላቸው ወጣቶች እንደ ግዛቱ ነዋሪ የኮሌጅ ክፍያ እንዲከፍሉ የሚፈቅደውን ጥያቄ 4ን ሁላችንም በአንድ ድምፅ ደገፍን፤ ልጆቻችንን የሚመለከት ነበርና። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ያለው ጥያቄ ሲነሣ ግን ያው ሰው ድምፁ ይለወጣል፤ ለእነዚህ ሰዎች የምንጠቀምበት ቃል ራሱ ፍርዱን አስቀድሞ ስለሚሰጥ፣ ማንም ሕጉ ምን እንደሚል ሳይጠይቅ ውይይቱ ያበቃል። ሕጉ ግን አጭር ነበር። የሚናገረው መንግሥት ስለሚሰጠው የጋብቻ ፈቃድ ሲሆን፣ ማንም ካህን ከእምነቱ ውጭ የሆነ ጋብቻ እንዲፈጽም እንደማይገደድ፣ በየሃይማኖቱ ማን ከማን ጋር ሊጋባ እንደሚችል የመወሰኑም ሥልጣን የየእምነቱ ብቻ መሆኑን ጥያቄው ራሱ በግልጽ አስፍሮታል።

ይህን ልዩነት ለመረዳት ከእኛ የሚቀርብ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። እናትና አባቴ የተጋቡት በሰማንያ ነው፤ የቆረቡት እኔ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ከኖሩ ወዲያ ነው። ባለፈው ወር ቡና እያፈላች ሳለ፣ «እማዬ፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የአባባ ሚስት አልነበርሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሰማንያና ቁርባንን አታደባልቂ፣ ልጄ» አለችኝ፤ «ሰማንያ የሰው ውል ነው፤ ቁርባን የእግዚአብሔር ነው።» ለድምፅ የቀረበውም ይኸው የሰው ውል እንደሆነ ነገርኋት። ሲኒውን አቀበለችኝ እንጂ አልመለሰችልኝም።

እናቴ እንግሊዝኛ ስለማታነብ፣ ድምፅ መስጫውም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ስለሆነ፣ ሳንዲ የተባለው ማዕበል ለሁለት ቀን የዘጋው የቅድሚያ ምርጫ እንደገና በተከፈተ ማግስት፣ ባለፈው ሐሙስ፣ ረዳቷ ሆኜ አብሬያት ገባሁ። መራጩን ወደ አንድ ወገን መገፋፋት ለረዳት የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ባይከለክለኝ ኖሮ እንኳ በእናቴ እጅ ሁለት ጊዜ መምረጥ አልፈልግም ነበር። እያንዳንዱን ጥያቄ ዝግ ብዬ ተረጎምኩላት። ጥያቄ 6 ላይ ስደርስ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ተጠነቀቅሁ፤ እርሷ ግን ስለ ካህናቱ የሚለውን ክፍል ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። «እቃወማለሁ» ካለችኝ ጣቴን እዚያው ላይ ላሳርፍ ቆርጬ ነበር። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ይለፈኝ» አለች። ባዶውን ትተነው ወጣን። መንገድ ላይ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።

ዛሬ ጠዋት ግን ቁርስ ላይ እርሷው አነሣችው። «እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ባለቤቴ ብለው ከአገር ቤት ማምጣት ይችላሉ ማለት ነው?» አለች። አባቴ በጥገኝነት እዚህ ቀርቶ ፕሮሰሷን እስኪጨርስላት ድረስ አዲስ አበባ አራት ዓመት የጠበቀች ሴት ከዚህ ሌላ ምን ልትጠይቅ ትችላለች? አይችሉም አልኋት። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ጋብቻ የሚለው የአንድ ወንድና የአንዲት ሴትን ብቻ ስለሆነ፣ ሜሪላንድ የምታጋባቸውን ሰዎች የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ሆነ የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሶሻል ሴኩሪቲ እንደ ባልና ሚስት እንደማይቆጥራቸው አስረዳኋት። ኒው ዮርክ ያሉትን የኢዲት ዊንዘርን ጉዳይም ነገርኋት፦ ከአርባ ዓመት በላይ አብራቸው የኖረችውን፣ በኋላም ካናዳ ሄደው ያገቧትን ሴት ሞት ሲነጥቃቸው፣ መንግሥት እንደ ባዕድ ቆጥሮ 363,053 ዶላር የውርስ ግብር እንዳስከፈላቸው፣ ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እንደፈረደላቸው፣ ነገሩ ግን ገና ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደሚያመራ።

«ዕድሜያቸው ስንት ነው?» አለችኝ።

83 ዓመታቸው እንደሆነ ነገርኋት።

«ፍርዱን ለማየት ዕድሜ ይስጣቸው» አለችና ዳቦውን መቁረስ ቀጠለች።