የደሴ ጉም ዋይፋይ አይቆርጥም

ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ዋይፋዬ ቁርጥ ቅጥል እያለ አንገብግቦኛል። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው፤ ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሠራና ሐይቅም ኮምቦልቻም ዓረብ አገርም ላሉ ደንበኞች በኢንተርኔት እልካለሁ። ሦስት ሰዓት ሲጫን የቆየ ፋይል 90 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ቀጥ ሲል ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል። አንዲት የሙሽራ እናት ሦስት ቀን በተከታታይ ደውለው «ልጄ፣ ዛሬስ ይደርሰኛል?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ከልቤ ነው ያፈርኩት።

ጎረቤታችን ጋሼ ቡና ላይ ምክንያቱን ነግረውኝ ነበር። «ጉሙ ነው ልጄ። ከጦሳ ሲወርድ ሁሉን ነገር ይዘጋዋል። አብሽር፣ ክረምቱ ሲወጣ ይተውሃል።» አመንኳቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ክረምት ሲሆን ጉሙ አስፋልቱ ድረስ ይወርዳል፤ እውነትም መስመሬ የሚያስቸግረኝ ጉሙ ሲወርድ ነበር። ችግሩ የቤት ዋይፋይ የሚሄደው ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ነው። እዚያች ርቀት ላይ ጉም ምንም የሚያመጣው ነገር የለም። ሌላ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የቱ ጋ ነው የሚቆረጠው የሚለው ነው። ብዙ ሰው ኢንተርኔቱ ጠፋ ሲል ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚያየው። መንገዱ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ከኮምፒውተር እስከ ራውተር፣ ሌላው ከራውተር ወደ ውጭ። ሁለቱን ለመለየት ገንዘብም ባለሙያም አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ያንን ጥቁሩን ኮማንድ ፕሮምፕት ሁለት ቦታ ክፈቱ። በአንዱ ፒንግ (ping፣ መልስ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚለካ ትእዛዝ ነው) ብላችሁ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ካልሆነ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። በሌላው ፒንግ 8.8.8.8 በሉ፤ ይህ ውጭ ያለ የጉግል አድራሻ ነው። የሁለቱም መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝ እና የእንግሊዝኛዋን ቲ (-t) ጨምሩ፣ እስክታቆሙት ድረስ ይቀጥላል። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሥራችሁን ሥሩ። የራውተሩ ሳይቆም የውጩ ብቻ ከቆመ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፣ ደውላችሁ አስመዝግቡ። የራውተሩም አብሮ ከቆመ ግን ማንም ጋ አትደውሉ፤ ነገሩ እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ነው።

የኔ ሁለቱም አብረው ቆሙ። ራውተሩ ደህና ሲሆን በ2 እና በ3 ሚሊሰከንድ ይመልሳል፤ ከዚያ ድንገት 400፣ 900፣ ከዚያ ዝም። ላን ኬብል ተውሼ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር ሳገናኘው ሌሊቱን ሙሉ አንዴም አልቆመም። ስለዚህ መስመሩም ራውተሩም ጤነኛ ናቸው፤ የታመመው አየር ላይ ያለው ክፍል ነው።

ራውተሩ ያለው እናቴ ቡፌ ውስጥ ነው። የወሎ ቤት ቡፌ ታውቁታላችሁ፤ ስኒው ተደርድሮ፣ ጀርባው መስታወት፣ ራውተሩ ደግሞ ከመስታወቱ ፊት ዳንቴል ለብሶ። የመስታወት ጀርባ የተቀባው ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ ሞገዱን ይመልሰዋል። የኔ ክፍል ከመስታወቱ በስተጀርባ ነው። «እማዬ፣ ይቺን ራውተር ከዚህ ላንሳት?» ስላት «አንሳት፣ ዳንቴሉን ግን እንዳታቆሽሽብኝ» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ከበሩ በላይ ሰቀልኳት። ዳንቴሉንም አወለቅሁላት። ሞገድ ስለሚከለክል አይደለም፣ ራውተር ስትግል ስለምትዝል ነው።

ተሻለ። ግን ማታ ላይ አሁንም ይዘላል።

ነገሩ ወለል ያለልኝ አንድ ማታ ፒንጉን እያየሁ ሀርድ ዲስኬን ስሰካ ነው። የሰካሁት ሰማያዊዋ ዩኤስቢ ላይ ነው። ኮፒ ማድረግ እንደጀመርኩ ቁጥሩ ከ3 ወደ 700 ዘለለ፤ ኮፒውን ሳቆም ተመለሰ። ደግሜ ጀመርኩ፣ ደግሞ ዘለለ። የዴስክቶፔ ዋይፋይ መቀበያ ፍላሽ የምታክል ናት፣ ከሀርድ ዲስኩ ገመድ ጎን ተጠግታ ነበር የተሰካችው። ሰማያዊዋ ዩኤስቢ 3 የምትባለው ናት፤ ዩኤስቢ 3 ሲሠራ ደግሞ ዋይፋዬ በሚሄድበት ሞገድ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ ይለቃል። ኢንቴል ራሱ በ2012 ይህንኑ ጽፎ አውጥቶታል። እኔ ደግሞ ሀርድ ዲስኩን የምሰካው ማታ ነው፣ የቀኑን ቀረጻ ለመገልበጥ። ጉሙም የሚወርደው ማታ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጉሙን የወቀስኩት በዚህ ነው።

መፍትሔው አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ሆነ። መቀበያዋን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። በዚያው ጎረቤቶቻችን ሁሉ በአንድ የዋይፋይ መስመር፣ ቻናል 6 ላይ ተጨናንቀው ስላገኘሁ የኛን ወደ 11 ቀየርኩት፤ 2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። መቀበያችሁም ራውተራችሁም 5 ጊጋኸርዝ የሚይዙ ከሆነ እሱን ሞክሩ፣ ይህ የዩኤስቢ ረብሻ አይነካውም፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ግን ያዳክመዋል። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዋይፋዩን እንዲያጠፋ የምትፈቅድ ሳጥን አለች፣ ምልክቷን አንሱት።

ትናንት ማታ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ የማዶው መብራት እንኳ አይታይም። ሀርድ ዲስኩ እየገለበጠ የእኚያን እናት ቪዲዮ ላክሁላቸው። ፒንጉ ከ4 አላለፈም። ጠዋት ደወሉ፣ «ደረሰኝ ልጄ፣ ደረሰኝ» አሉኝ።