የቀን ጉዞው ከስድስት ኪሎ ይጀምራል

ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ቅዳሜ የት እንሂድ?» ብሎ ነው። ደብረ ሊባኖስ? ጢያ? ወንጪ? ቢሾፍቱ? እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ብሔራዊ ሙዚየም ለመጨረሻ ጊዜ የገባችሁት መቼ ነው?» የአብዛኛው የአዲስ አበባ ልጅ መልስ አንድ ዓይነት ነው። በተማሪነቱ፣ በሰልፍ፣ መምህር «ዝም በሉ» እያሉት።

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። የውጭ እንግዳም የአገር ሰውም ይዤ እወጣለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ልቤ ወደ አገር ሰው አድልቷል፤ ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ ዕቁብተኛው፣ ከውጭ ዘመድ ወደመጣበት ሰው። ለእነዚህ የማዘጋጀው ጉዞ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ መሀል ከተማ በእግር፣ ከዚያ በሌላ ቀን ከከተማ ውጭ በመኪና። «ለምን አንደኛችንን አንወጣም?» የሚለኝ ብዙ ነው። ምክንያቴ ይኸው፦ ከአዲስ አበባ ወጥተን የምናየው ነገር መነሻው እዚሁ መሀል ከተማ ነው። መነሻውን ሳያይ የሄደ ሰው ገደልና ድንጋይ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል።

ከስድስት ኪሎ እንጀምር። የየካቲት 12ን ሐውልት ሁላችንም በታክሲ እናልፈዋለን። ቀርቦ የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። ቀርባችሁ ቁሙና ቀና በሉ። ተኳሹም የወደቀውም በነሐስ ተቀርጸዋል። እንግዶቼን እዚያ አቁሜ ለትንሽ ጊዜ ምንም አልናገርም። አንድ ቀን አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እዚሁ ሰፈር አድጌ፣ እዚሁ ልጅ ወልጄ፣ እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም እኮ» አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ዞሩት፤ አንዱንም ምስል አልዘለሉም።

ከዚያ መንገዱን ተሻግረን ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ እንገባለን። ግቢው ያኔ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ የወረደውን መዓት ሐውልቱ ይናገራል። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ሳይቀር ይጎበኛል። እኔ ግን ሰውን መጀመሪያ የማቆመው በረንዳው ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርሰው ደረጃ ዘንድ ነው። ጣሊያኖች የሠሩት ነው። ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወጣበት። ትንሽ አንበሳ ነው፤ ቶሎ ካለፋችሁ አታዩትም። ለእኔ በአዲስ አበባ ካሉት ሐውልቶች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ያፈረሱት ነገር የለም። ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡ፣ በቃ።

ይህን ያየ ሰው ነው ደብረ ሊባኖስ መሄድ ያለበት። ምክንያቱም ታሪኩ ስድስት ኪሎ ላይ አላበቃም። ግራዚያኒ የገዳሙን መነኮሳት ከቦምብ ወርዋሪዎቹ ጋር አብራችኋል ብሎ ወነጀለ። ልክ በሦስት ወሩ፣ ግንቦት 12 ቀን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐጽም በዓል ነበር። ገዳሙ በመነኩሴና በምዕመን ተሞልቶ ሳለ የጄኔራል ማሌቲ ጦር ከበበው። ሰዎቹን በካሚዮን እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ሥፍራ ወስደው ረሸኗቸው። ጣሊያኖቹ በቴሌግራም ያሳወቁት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ነው። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ግን ከሺህ በላይ እንደሆነ ጽፈዋል። ገዳሙ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ነው። ዛሬ የምናየውን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

እዚያ ስደርስ ብዙ ማውራት አያስፈልገኝም። ስድስት ኪሎ ላይ የነሐሱን ምስል ያዩ ሰዎች ጥያቄውን ራሳቸው ያነሱታል። ሐውልቱን ሳያሳዩ ሰው ይዘው የሚመጡ አስጎብኚዎች አሉ። እንግዳው ጸበል ይጠጣል፣ ሻማ ያበራል፣ ይመለሳል። እሱም መልካም ነው። ግን ይጎድላል።

ለደብረ ሊባኖስ መንገዱ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከ ጡሪ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከገዳሙ በፊት ወይም በኋላ የፖርቹጋል ድልድይ የሚሉትን ድንጋይ ድልድይ እዩ። ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ ያሠሩት የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ይህን ሳልናገር አላልፍም፤ በገዛ ሰዎቻችን የተሠራን ነገር ለሌላ መስጠት አይገባም። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ ታገኛላችሁ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም። ሙዝና ብስኩት አትወርውሩላቸው፤ ምግባቸው ሣር ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እጃቸውን ያዙ፤ ገደሉ አጥር የለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መስመር ልምጣ። ይህ መስመር ከስድስት ኪሎ ቁልቁል፣ አምስት ኪሎ አካባቢ ካለው ብሔራዊ ሙዚየም ይነሳል። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ናት። ለሕዝብ የምትታየው ቅጂዋ ናት፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። እኔም «ቁመቷን ከራሳችሁ ጋር አስተያዩ» እላቸዋለሁ። መስታወቱ አጠገብ ሄደው ይለካካሉ። ቅሬታው እዚያው ይረሳል። ከዚያ የድንጋይ መሣሪያዎቹን ደህና አድርገው እንዲያዩ አደርጋለሁ። ሹሉን ጫፍ፣ የተፈለጠውን ጎን፣ በእጅ የሚያዝበትን። ሰው ሁሉ አጥንቱን አይቶ ድንጋዩን ያልፋል። እኔ ግን የምፈልገው ድንጋዩን ነው፤ ምክንያቱም በሌላው ቀን ወደ መልካ ቁንጡሬ ልወስዳቸው ነው።

መልካ ቁንጡሬ በቡታጅራ መንገድ፣ አዋሽ ዳር፣ ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሳይንቲስቶች ያወቋት በፈረንጆቹ 1963 ነው። በአካባቢው የሰው ዘር ቀደምቶች የኖሩበት ዘመን ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይሄዳል። ለልጆች የምነግራቸው ሌላም አለ። እዚያ 700 ሺህ ዓመት የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከዱካዎቹ መካከል የሕፃን ልጅ አለበት። ይህን ስናገር እናቶች ልጆቻቸውን ያያሉ። እዚያው አካባቢ ባልጪት አለች። ጥቁሩ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቀው ድንጋይ፣ ባልጩቱ፣ ከዚያ ነው የሚመጣው። ስባሪው ስለት አለው። ሰው ወዲያው ወደ ኪሱ ይሰዳል። እባካችሁ፣ አይቶ እዚያው መመለስ ነው። አንድ ስባሪ ከቦታው ከተነሳ ለሚያጠናው ሰው ዋጋ የለውም። ሥፍራው በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር «መልካ ቁንጡሬና ባልጪት» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከቤታችን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ የዓለም ቅርስ አለ። ስንቶቻችን አየነው?

ከመልካ ቁንጡሬ ብዙ ሳትርቁ ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ በፒስታ መንገድ ስትሄዱ አዳዲ ማርያም ትገኛለች። ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ያሠራት ቅዱስ ላሊበላ እንደሆነ ይነገራል። ስትደርሱ ምንም አይታያችሁም፤ ቤተ ክርስቲያኗ ከመሬት በታች ናት። ወርዳችሁ ነው የምታገኟት። ካህኑ እስኪመጡ ጠብቁ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ሴቶች ነጠላ ያዙ። ወር በገባ በ21 ሰው ይበዛል። ለመሳለም ከሆነ ያን ቀን ሂዱ፣ ለመጎብኘት ከሆነ ሌላ ቀን ይሻላል። ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ቀስ ብላችሁ አውርዷቸው። ውስጡ ጨለም ይላል።

ከዚያ ጢያ። ጢያ በሶዶ ጉራጌ ምድር፣ ከአዲስ አበባ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። 36 ትክል ድንጋዮች አሏት፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። እዚህ ላይ የአካባቢውን አስጎብኚ መቅጠር አለባችሁ ብዬ ክርክር እገጥማለሁ። እኔ ራሴ አስጎብኚ ሆኜ እዚያ ስደርስ ቦታውን ለእነሱ እለቃለሁ። ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹትን ሰይፎች በጣት ሳይነኩ፣ በእንጨት እየጠቆሙ ያሳያሉ። አንዱ ድንጋይ ላይ ሰይፎቹ ሽቅብ ቁልቁል ተደርድረዋል፤ ልጆቹ ይቆጥራሉ፣ አይስማሙም፣ እንደገና ይቆጥራሉ። ክብ ምልክት አለ፣ እንሰት ቅጠል የሚመስል አለ። የብዙዎቹ ትርጉም እስካሁን አልተፈታም። ድንጋዮቹ የቆሙት መቃብር ላይ ነው፤ ተቆፍሮ ታይቷል። ስለዚህ እየዘለላችሁ ፎቶ አትነሱ። «የግራኝ ድንጋይ» የሚላቸው ሰው ታገኛላችሁ። ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ አሕመድ ዘመን ቀድመው የቆሙ ናቸው። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

አንዳንድ ማስታወቂያ «በአንድ ቀን ደብረ ሊባኖስም ጢያም» ይላል። አንዱ ሰሜን፣ አንዱ ደቡብ ነው። ቀኑን መኪና ውስጥ ትጨርሱታላችሁ። አንድ መንገድ ያዙ፣ እሱን ደህና አድርጋችሁ እዩ። በደቡቡ መስመር ያሉት ሦስቱ ቦታዎች ለአንድ ቀን ልክ ናቸው፤ እንዲያውም የምመርጠው እሱን ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ዓለም ገና ሳትጨናነቅ ታልፋላችሁ። ከጢያ ደግሞ ቢዘገይ በ9 ሰዓት ተነሱ። ምሳችሁን እዚያው መንገድ ላይ ክትፎ በቆጮ ብሉ፤ ጾም ከሆነ ስንቅ ያዙ። መታወቂያ አትርሱ፣ ኬላ አለ። በሁለቱም አቅጣጫ ከመሄዳችሁ በፊት በዚያው ሳምንት መንገዱን የሄደ ሾፌር ጠይቁ። ሰላም አይደለም ካላችሁ አትሂዱ፤ ቦታው የትም አይሄድም። የከፈላችሁትን የማይመልስ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ደግሞ ሁለተኛ አትደውሉለት።

ቢሾፍቱ ለመዝናናት ጥሩ ነው፤ ሐይቁ ደስ ይላል፣ መንገዱም ቀና ነው። ለእሱ አስጎብኚ አያስፈልጋችሁም። ወንጪ ውብ ናት፤ ግን ርቀቱ ለትንንሽ ልጆች ይከብዳል። አድራችሁ ብትመለሱ እመክራለሁ።

ሙሉ ቀን የሌለው ሰውስ? እሱ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል በእግሩ ይውረድ። አምስት ኪሎ ሙዚየሙን፣ አራት ኪሎ የሚያዝያ 27ን ሐውልት፣ ከዚያ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጎ ፒያሳ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማ የገቡበት፣ ጣሊያን በገባ ልክ በአምስት ዓመቱ ነው። ፒያሳ ላይ ጊዮርጊስ፣ የዐፄ ምኒልክ ሐውልትና በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጎን ለጎን ናቸው። ሰፈሩ ብዙ ተለውጧል። አሮጌዎቹን ቤቶች የምታውቁ ሰዎች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ምን የት እንደነበረ አሁኑኑ አሳዩአቸው፤ ይህን ከእናንተ በቀር ሌላ አስጎብኚ አይነግራቸውም።

ጉልበት ከተረፋችሁ በማግስቱ ጠዋት እንጦጦ ውጡ። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም እዚያ ናት። ከተማው ከዚያ ተራራ ነው ወደ ፍልውሃ የወረደው። ጫማችሁ ግን መሬት የሚይዝ ይሁን፤ በክረምት ያንሸራትታል።