ከዩኢ እስከ ሳታ ገደል

በጃፓን ዩኢ በምትባል ከተማ ባቡር ጣቢያ ወርጄ ወደ ሳታ ዳገት የተነሣሁት በማለዳ ነው። በብርዱ ወራት ፉጂ ተራራ ጥርት ብሎ የሚታየው ጠዋት ነው፤ ከረፈደ ደመና ይሸፍነዋል። መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አሮጌውን መንደር አልፎ በመንደሪን እርሻ መካከል ይወጣል። መጨረሻው ላይ ዳገቱ ይበረታል፤ ውሃ ከታች ይያዝ።

አናቱ ላይ የእንጨት ሰሌዳ ህትመት ሠዓሊው ኡታጋዋ ሂሮሺጌ እ.ኤ.አ. በ1833 እና 1834 ገደማ በወጣው፣ ኤዶን (የዛሬዋን ቶኪዮ) ከኪዮቶ ስለሚያገናኘው የቶካይዶ መንገድ በሠራው ህትመቱ ያሳየው ትዕይንት ይገለጣል፦ በግራ ገደሉ፣ በቀኝ የሱሩጋ ባሕረ ሰላጤ፣ ማዶ በረዶ የለበሰው ፉጂ። በሥዕሉ ላይ ገደሉ እጅግ የቆመ ነው፤ መንገደኞች ከጫፉ ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ገደሉ ራሱ በወረቀቱ ጠርዝ ተቆርጦ ቀርቷል። የፓሪስን ሠዓሊዎች በኋላ የማረካቸው እንዲህ ያለው ድፍረት ነው። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግም እ.ኤ.አ. በ1887 የሂሮሺጌን በዝናብ የተመታ ድልድይ በዘይት ቀለም ገልብጦታል።

ከታች ግን ሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር አለ፦ የባቡር ሐዲድና ሁለት አውራ ጎዳናዎች ባሕሩን ታከው ተዘርግተዋል። በሂሮሺጌ ዘመን ማዕበሉ የገደሉን ግርጌ ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 የደረሰው ርዕደ መሬት የባሕሩን ወለል ከፍ ስላደረገው ነው መንገድ የሚያስኬድ መሬት የተገኘው።

ስመለስ ዩኢ የሚገኘው የቶካይዶ ሂሮሺጌ ሙዚየም ገባሁ። ብርሃን ቀለሙን ስለሚያደበዝዝ ህትመቶቹ እየተቀያየሩ ነው የሚሰቀሉት፤ የዩኢን ሥዕል ራሱን ባታገኙም የማንኛውንም ሰማይ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከአውሮፓ የገባው የፕሩሲያ ሰማያዊ የተባለው ቀለም ከላይ ጠቁሮ ወደ ታች እየሳሳ ይጠፋል። ይህን ቀለም የማሳሳት ዘዴ ቦካሺ ይሉታል። እንጨቱ ላይ የተቀረጸ አይደለም። አታሚው የእንጨት ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል፣ የብሩሹን አንድ ወገን ብቻ ቀለም ያስነካል፣ ከጠርዙ ጀምሮ እያሻሸ ያሳሳዋል። ከዚያ እርጥብ ወረቀት አልብሶ፣ ጀርባውን በቀርከሃ ቅርፊት በተሸፈነ ክብ ማሻሻ፣ በባረን፣ ያሻል። ሰሌዳው ውሃ ከበዛበት ቀለሙ ይፈስሳል፤ ከደረቀ ደግሞ በመሳሳት ፈንታ ደረቅ መስመር ይቀራል። ለእያንዳንዱ ወረቀት እንደ አዲስ ስለሚሠራ ሁለት ቅጂ አንድ አይሆንም።

የተለያዩ ቀለሞች በተለያዩ ሰሌዳዎች ስለሚታተሙ፣ እንዳይዛነፉ በየሰሌዳው ሁለት ምልክት ይቀረጻል፦ አንዱ ለወረቀቱ ማዕዘን፣ ሌላው ለጎኑ። ወረቀቱ በመሐል ከደረቀ ግን ይኮማተራል፤ ምልክቱ ልክ ቢሆንም ቀለሙ ከመስመሩ ይወጣል።

ዘግይተው በታተሙ ቅጂዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይህ የሰማይ ማሳሳት ይተዋል፤ እንጨቱ አልቆ ቀጫጭን መስመሮችም ይቆራረጣሉ። አንድ ህትመት ፊት ስቆም መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ነው።