እትዬና የኤፍሬም በግ

ቅዳሜ ማታ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም። እትዬ ቡና ስትቆላ እኔ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ላሳያት ካሰብኩ ቆይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳዩ የካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው።

የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ የትንሹ ኤፍሬም፣ እናት ሞታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል። ልጁ የልቡን የሚያካፍለው ለበጉ ለቹኒ ነው። ምግብ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ግን የሴት ሥራ ነው ብሎ ይቆጣዋል። ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ሲያወጣ እትዬ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ቀረች። ቡናው አረረ።

እኔም ዘመድ ቤት ያደግሁ ነኝ። በሰባት ዓመቴ ከመንዝ ስመጣ የተቀበለችኝ እሷ ናት። ስለዚያ ጊዜ አውርተን አናውቅም። ያን ማታ ግን፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «አንቺም በር ላይ ተኝተሽ ነበር ያገኘሁሽ» አለችኝ። «አባቴ ይመጣል ብለሽ።»

እኔ አላስታውሰውም።

ብዙዎቹ ፊልሞቻችን የፍቅረኛሞች ጣጣ ናቸው። አክስት ያሳደገችው ልጅ ግን በየደጃችን አለ። ለምን አይታይም? በጣም ይቆጨኛል።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የጃፓኑን «ሾፕሊፍተርስ» አዘጋጅቻለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የካንን ከፍተኛ ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ያሸነፈውን። በደም የማይዛመዱ ሰዎች ቶኪዮ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት ተጋርተው ይኖራሉ። ከስክሪኑ ሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበብኩ እተረጉምላታለሁ። እትዬ ግን ቡናው ቀድሞ ይቆላ ብላለች።