ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ የለም

ጥምቀት አልፎ የጥር ሰርግ ሲጧጧፍ፣ ጎንደር ፒያሳና አራዳ ባሉ የጽሕፈትና የሕትመት ቤቶች በቀን አሥር ጊዜ የሚሰማ ንግግር አለ፦ «ወንድሜ፣ ማታ ቤት ስከፍተው እኮ ደህና ነበር!» ፍላሹ ተሰክቷል፣ የጥሪ ካርዱ ተከፍቷል፣ የሙሽሮቹ ስም በነበረበት ቦታ ግን ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። አንዳንዴም ሳጥን ሳይሆን የላቲን ፊደል ነው፣ ያውም ጭረትና ነጥብ የተለጠፈበት። «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ይባላል። ቫይረስ የለም። ፋይሉ የያዘው የፎንቱን ስም እንጂ የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፎንት ራሱን አይደለም። ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ተጭኗል፣ እዚህ ያለው ላይ አልተጫነም።

ሳጥኑና የላቲኑ ዝብርቅርቅ ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ላቲኑ የሚመጣው ከድሮዎቹ ፎንቶች ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በጋራ የሚጠቀሙበት መለያ ቁጥር) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነው የኖሩት። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ላዩ ላይ የግዕዝ መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ ሲጠፋ ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ራቁቱን ይቀራል። ቦታውም ቢሆን አልበቃም። ካለው 256 ቦታ የመጀመሪያው 32 ለትእዛዝ የተያዘ ስለሆነ 224 ይተርፋል፤ ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ደግሞ 231 ናቸው፣ ዲቃላው (እነ ኳ፣ ቋ)፣ ቁጥሩና ነጥቡ ገና ሳይቆጠር። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጣጠማል፣ ወይም ሌላ ፎንት ውስጥ ይቀመጣል።

ከዚህ የሚመጣ አንድ የሚያናድድ ጉድ አለ። ዎርድ ላይ በእነዚህ ፎንቶች ስትጽፉ፣ ቃል ጨርሳችሁ ስፔስ ስትመቱ የዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ፊደል ራሱን ይለውጣል። ዎርዱ የሚያየው ላቲን ስለሆነ ወደ ትልቁ ፊደል «እያረመላችሁ» ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ ግቡና «ካፒታላይዝ ፈርስት ሌተር ኦፍ ሴንተንስስ» የሚለውን አጥፉ። ጥቅስ ምልክቱን የሚያጣምመውን «ስማርት ኮትስ»ንም አብራችሁ አጥፉት። ገጽ በሚዘጋጅባቸው ኢንዲዛይንና ኮረል ላይ ርዕሱን «ኦል ካፕስ» (ሁሉም ትልቅ ፊደል) ማድረግም ያንኑ ጥፋት ያመጣል።

መድኃኒቱ ያንኑ ፎንት አግኝቶ መጫን ነው፤ ተቀራራቢ ፎንት አይሠራም። የጎደለውን ስም ኢንዲዛይን ላይ ታይፕ፣ ፋይንድ ፎንት ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ቪጂ2 ብሎ ከጀመረ ቪዥዋል ግዕዝ ነው፣ ግዕዝ-1 የሚል ከሆነ ፓወር ግዕዝ። ሥራው ነገም የሚታረም ከሆነ ግን ጽሑፉን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሩና ከዚያ ገጽ ላይ አስገቡት። ከተቀየረ በኋላ መጀመሪያ የሚታዩት ኳ፣ ቋ፣ ጓ፣ ኋ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና አራት ነጥብ ናቸው፤ የሚስተው እዚያ ነው። ቀያሪው ፕሮግራም በመካከል ያለውን የእውነት እንግሊዝኛም ግዕዝ ያደርገዋል፤ የኢሜይል አድራሻና ድረ ገጽ በእጅ መልሱ።

የድሮውን የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም፣ ፔጅሜከርን፣ የሙጥኝ ያሉ ቤቶች ዛሬም አሉ። የመጨረሻው 7.0 እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው፤ ዩኒኮድን አያውቅም። ደንበኛ በቴሌግራም የላከውን ጽሑፍ እዚያ ብትለጥፉት የጥያቄ ምልክት ይሆንባችኋል፣ መፍትሔም የለውም። ለአሮጌ ሥራ መክፈቻ አስቀምጡት፣ አዲስ ሥራ አትጀምሩበት። ስትከፍቱትም ዶክዩመንት ሴትአፕ ውስጥ «ኮምፖዝ ቱ ፕሪንተር» የሚለው ዛሬ የምታትሙበትን ፕሪንተር ይጥራ፤ ከዓመታት በፊት የተሸጠ ፕሪንተር ስም እዚያ ከተቀመጠ ልክ አልሆን ይላል።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ። እዚህ ጽሑፉ ትክክለኛ ዩኒኮድ ነው፤ የተመረጠው ፎንት ውስጥ ግን የግዕዝ ፊደል የለም። ዎርድ እንዲህ ሲያጋጥመው ሳያሳውቅ ሌላ ፎንት ተክቶ ያሳያል፣ ኢንዲዛይን ግን አይተካም፤ ከዎርድ የመጣው ጽሑፍ ግዕዝ በሌለው ፎንት፣ ሚኒየን ፕሮ ላይ፣ ሲያርፍ ሳጥን የሚሆነው ለዚህ ነው። ፓራግራፍ ስታይሉ ላይ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ አድርጉት፣ አለቀ። የዎርድ ዝምታ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ኒያላ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን በራሱ አይጫንም፣ አማርኛ ያልተጨመረበት ማሽን ኤብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ይተካዋል። ሳጥን አታዩም፣ የመስመሩ ስፋት ግን ይለወጣል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አጠገብ ሊጠረዝ የመጣው መመረቂያ ጽሑፍ የገጹ ብዛት ይቀየርና ማውጫው ከገጾቹ ጋር አልገጥም ይላል። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕልሜንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሩ። ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ፎንት ስትጭኑ ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» በሉ። «ኢንስቶል» ብቻ ካላችሁ የቅርቦቹ ዊንዶውሶች በእናንተ አካውንት ሥር ብቻ ያስቀምጡታል፤ አንዳንድ የቆየ ፕሮግራም እዚያ ያለውን አያይም፣ ፎንቱ ዎርድ ላይ ታይቶ ሌላው ላይ ይጠፋል። ከጫናችሁ በኋላ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ከቴሌግራም የተሰበሰበ የሦስት መቶ ፎንት ጥቅል በአንዴ መጫን ደግሞ መከራ መግዛት ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት እትሞች ይገቡና የትኛው እንደሚታተም ማንም አያውቅም።

ደማቅ ስለሚባለው ነገር፦ ኒያላም አቢሲኒካም አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው። ዎርድ ወይም ፐብሊሸር ላይ ማድመቂያውን ስትጫኑ ፕሮግራሙ ፊደሉን በራሱ እያወፈረ ያስመስላል። በ24 ነጥብ ርዕስ ላይ ያልፋል፤ በ9 ነጥብ ላይ ግን የጠ እና የጨ እግሮች ይጣበቃሉ፣ የወ ክብ ይደፈናል፣ ሰዎች ቶነሩን ያማሉ። የእውነት ደማቅ ከፈለጋችሁ ኖቶ ዘጠኝ ውፍረት አለው። ማጋደሉን እርሱት፤ የግዕዝ ጽሕፈት የተጋደመ ፊደል ልማድ የለውም፣ የምታዩት በግድ የተገፋ ነው።

አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመቱ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ግራና ቀኙ በተስተካከለ ገጽ ላይ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይገባል። በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ፡፡ን በ። ተኩ። ከአራት ነጥብ በፊት የተመታ ስፔስም ይጥፋ፣ አለዚያ ነጥቡ ብቻውን ቀጣዩ መስመር ራስ ላይ ይወድቃል።

ፋይሉ ከኮምፒውተራችሁ ሲወጣ ሁለት መንገድ አለው። የሚታረም ከሆነ ኢንዲዛይን ላይ ፋይል፣ ፓኬጅ በሉ፤ ፎንቱንና ሥዕሉን ሰብስቦ አንድ ፎልደር ያደርገዋል፣ ውስጡ ያለውን «ዶክዩመንት ፎንትስ» ከሲኤስ5 ጀምሮ ያለ ኢንዲዛይን ሳይጫን በራሱ ያነበዋል። ፎልደሩን እንዳለ ላኩ፤ ዋናውን ፋይል ብቻ ነጥሎ መላክ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። የማይታረም ከሆነ ፒዲኤፍ። ፒዲኤፉን በአክሮባት ሪደር ክፈቱና ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንትስ ውስጥ እዩ፦ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ኢምቤድድ» ወይም «ኢምቤድድ ሰብሴት» የሚል መኖር አለበት። የሌለው ካለ ያ ፎንት አልተሳፈረም። አንዳንዱ ፎንት ሠሪው ኢምቤድ እንዳይደረግ የቆለፈው ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሌላ ፎንት መርጦ ገጹን እንደገና ማየት ይቀላል።

ፒዲኤፉ ደህና ሆኖ ወረቀቱ ላይ ብቻ ከተበላሸ ጥፋቱ ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ የድራይቨሩ ነው። ፎንቱን ወደ ፕሪንተሩ ሲልክ እዚያ ባለ ፎንት ይተካዋል፣ ወይም ሲያስተላልፍ ያዛባዋል። ሪደር ላይ ፕሪንት ካላችሁ በኋላ አድቫንስድ ውስጥ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ»ን ምረጡና 600 ዲፒአይ አድርጉት። ይዘገያል፣ ግን ያያችሁት ይወጣል። «ኢኮኖ ሞድ» በርቶ እንደሆነም እዩ፤ ቶነር ለመቆጠብ የሚያሳሳው መጀመሪያ ቀጭኑን የፊደል እግር ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ከሁሉ የሚብሰው ሌተር ነው። አዲስ የተጫነ ድራይቨር ብዙ ጊዜ 216 በ279 ሚሊ ሜትር የሆነውን የአሜሪካኑን ሌተር ይዞ ይመጣል፣ ትሪው ውስጥ ያለው ግን 210 በ297 የሆነው ኤ4 ነው። ፕሪንተሩ ወይ «ሌተር አስገቡ» ብሎ ይቆማል፣ ወይ ዝም ብሎ ያሳንሰዋል። ሦስት ቦታ አስተካክሉ፦ ፕሮግራሙ ውስጥ፣ የድራይቨሩ ፕሪፈረንስስ ውስጥ፣ ፕሪንተሩ ላይ ባለው የትሪ ሴቲንግ። «ፊት»ን ትታችሁ «አክቹዋል ሳይዝ» በሉ። ለማረጋገጥ ገጹ ጥግ ላይ ልክ 100 ሚሊ ሜትር መስመር አስምሩ፣ አትሙና በማስመሪያ ለኩ። 97 ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ማሳነሻው በርቷል። ፖስታው አስቀድሞ ለተገዛለት ካርድ ይህ ልዩነት ብዙ ነው።

ተራ ሌዘር ፕሪንተር ጠርዙ ላይ 4 ሚሊ ያህል አያትምም። ቀለሙ እስከ ጫፍ እንዲደርስ ከተፈለገ ትልቅ ወረቀት ላይ 3 ሚሊ ትርፍ ሰጥታችሁ፣ መቁረጫ ምልክት አድርጋችሁ አትሙና ቁረጡ። የማኅበር መርሐ ግብር ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ሲሆን ለዲጂታል ማጀንታ 100 ቢጫ 100 ይበቃል፤ ለኦፍሴት ግን ቀዩን ስፖት ከለር (ከሌላ ቀለም ያልተቀላቀለ፣ ለብቻው የሚታተም) አድርጉት፣ ሰፐሬሽን ፕሪቪው ላይ ከጥቁርና ከቀይ ሌላ የማተሚያ ሳህን (ፕሌት) እንዳይታይ። ጥቁሩም ኬ 100 (ጥቁር ቀለም ብቻ) ይሁን፤ ከአራቱም ቀለም የተቀላቀለ ጥቁር ከሆነ ማሽኑ ገጹን ባለ ቀለም ብሎ ይቆጥረዋል፣ ሂሳቡም በዚያው ልክ ነው።

ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ መሆኗ ፕሪንተርን ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ያገባዋል። ሌዘር የሚሠራው በኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ነው፣ ቻርጁ ደግሞ በአየሩ ግፊት ይለዋወጣል። እንደ ዜሮክስ ያሉ ማሽኖች ሜኑ ውስጥ «አድጀስት አልቲቱድ» የሚል አለ። ዜሮ ላይ ከሆነና ገጹ ነጠብጣብ ወይም ግራጫ ጥላ ካወጣ፣ አዲስ ከበሮ (የፕሪንተሩን ድራም) ከመግዛታችሁ በፊት 2000 ላይ አድርጉት። ክረምት ላይ ደግሞ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣና ይጨናነቃል፤ የተከፈተ ደስታ ወረቀት በራሱ ልባስ ተጠቅልሎ ይደር።

የካርድ ወረቀት፣ ከ200 ግራም በላይ ያለው፣ «ፕሌን» ተብሎ ከታተመ ቶነሩ አይጋገርም። ሙቀቱን የሚወስነው ፔፐር ታይፕ የሚለው ነው፤ «ሄቪ» ወይም «ካርድስቶክ» አድርጉትና በእጅ ማስገቢያው በኩል፣ የኋላውን በር ከፍታችሁ፣ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ አድርጉ። ሁለት ፊት ከሆነም አውቶማቲኩን ትታችሁ በእጅ ገልብጡ። የመጀመሪያውን ካርድ በጥፍር ፋቁት፤ ዱቄት ካነሣ ሙቀቱ ገና ነው። ከዚያ እጠፉት። ደማቅ ቀለም የማጠፊያውን መስመር ካቋረጠ ቶነሩ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል፣ ነጭ ክር መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ከማጠፍ በፊት መስመሩ በደነዘ ነገር ይጫን፣ ከተቻለም ዲዛይኑ ላይ እዚያ ቦታ 2 ሚሊ ያህል ነጭ ይተው።