ነርሲንግ ደርሶኝ እንዴት ጨረስኩት

የመጀመሪያ ምርጫዬ ሜዲስን ነበር። ከፍሬሽማን በኋላ ውጤት ታየና ነርሲንግ ደረሰኝ። በየግቢው ብዙ ተማሪ የሚገባው እንዲሁ ነው። ስለዚህ "ወዶ የገባ ይቆያል፣ ሳይወድ የገባ ይሄዳል" የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። ሳይወዱ ገብተው ጎበዝ ነርስ የሆኑ አሉ፤ ከልጅነታቸው ሲመኙት ኖረው መሃል ላይ የተዉትም አሉ።

ባየሁት፣ ተማሪን የሚይዘውም የሚያባርረውም ዋርድ፣ ማለትም በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል ነው። አናቶሚ ከባድ ነው፣ ግን ከጓደኛ ጋር ተቀምጣችሁ ታጠኑታላችሁ። ለፕራክቲስ ስትወጡ ግን አንድ አልጋ ዙሪያ ተኮልኩላችሁ ትቆማላችሁ፤ ኢንስትራክተሩ አቴንዳንስ ይዞ ይሄዳል፣ ሲስተሮቹ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ የእናንተ ሥራ ናሙና ላብራቶሪ ማድረስና ካርድ ማመላለስ ብቻ ይሆናል። አስታማሚው ደግሞ "ተማሪ እንዳይነካብኝ" ይላል። ይሄ ሲደጋገም ልብ ይሸፍታል።

እኔ ጠዋት ከሌላው ቀድሜ እየደረስኩ የሌሊት ተረኞቹ ለቀን ተረኞቹ ሲያስረክቡ መስማት ጀመርኩ። ማን ሲያተኩሰው እንዳደረ፣ የማን መድኃኒት እንዳለቀ እሰማለሁ። ከዚያ አንዷን አንጋፋ ሲስተር መርጬ "ዛሬ ከእርስዎ ጋር ልሥራ?" አልኳቸው። እሺ አሉኝ።

አንድ ቀን ተቅማጥ ያደከማቸው እናት መጡ። ደም ሥራቸው ጠፍቷል። ሲስተር ደም ሥሩ እንዲነሳ ጓንት ክንዳቸው ላይ አሰሩና "በዓይንሽ አትፈልጊ፣ በጣትሽ ዳብሺ፤ ሲነጥር ይታወቅሻል" አሉኝ። ዳበስኩና አገኘሁት። ካኑላውን፣ ማለትም መርፌ ያለበትን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ዝቅ አድርጌ አስገባሁ፤ ደሙ ብቅ ሲል መርፌውን ባለበት ይዤ ፕላስቲኩን ብቻ ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ጓንቱን ፈታን፣ ኖርማል ሳላይኑ (የጨው ውሃ ግሉኮሱ) መውረድ ጀመረ። እናትየዋ "እደጊ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማቋረጥ አውርቼ አላውቅም።

ማታ ደግሞ ሃንድአውት ከመሸምደድ ይልቅ ቀን ያየሁትን በሽተኛ መድኃኒት እያነሳሁ አነብ ነበር፤ መጠኑን፣ ለምን እንደታዘዘ፣ ምን ሲታይ እንደሚቆም። ከ2015 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም የቀለለኝ በዚህ ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄውን ሳነብ የማውቀው ሰው ፊት ይመጣልኝ ነበር።

የገንዘቡን ነገር ግን ጥረት ብቻ አይፈታውም። ጋውን አለ፣ ስቴትስኮፕ አለ፣ ሆስፒታሉ ከግቢ ከራቀ ትራንስፖርት አለ። እኛ የደም ግፊት መለኪያውን ከዶርም ልጆች ጋር አዋጥተን ነው የገዛነው። ከባቻችን በእጅ ሥራ ማንም የማይደርስባት ልጅ የሄደችው አባቷ ታመው ቤቱ ሲናጋ ነው። አንድ አስተማሪ እንኳን ጠርቶ "ምን ሆነሽ ነው?" አላላትም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ተመርቀው ሥራ አጥተው ቤት የተቀመጡ ሲኒየሮች ወሬም ብዙ ልጅ ያስከፋል፤ እውነት ስለሆነ አላስተባብለውም።

አሁን እኔም ዘንድ ተማሪ ይላካል። መጀመሪያ ስማቸውን እጠይቃለሁ። ለእያንዳንዱ አንድ በሽተኛ እሰጠዋለሁ፤ ቫይታል ሳይኑንም (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት) ቻርቱንም አጠገቡ ቆሜ እሱ እንዲሠራ አደርጋለሁ። የቀረ ካለ ያንኑ ቀን ጓደኞቹን እጠይቃለሁ። የግድ ማቋረጥ ያለበትን ደግሞ ዝም ብሎ እንዳይጠፋ፣ ሬጅስትራር ሄዶ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ፎርም) እንዲሞላና በሪአድሚሽን፣ ማለትም እንደገና በመመዝገብ፣ የሚመለስበትን ጊዜ ጠይቆ እንዲወጣ እነግረዋለሁ።